የደሴዋን ክፍት ቮልስ ማን ሠራት?

አጎቴ የተዉልኝ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ ሰፈር ውስጥ «የካርማን ሥራ» ስትባል ነው የኖረችው። የጀርመኑ ካርማን ኩባንያ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክፍት ቮልስ ይሠራ ስለነበር እኔም አምኜ ነበር። የሊብሬዋ ጽሑፍ ደግሞ ደብዝዞ አይነበብም።

መልሱ ከኋላ ወንበር ሥር ነበር። ወንበሩን አንስቼ መሀል ለመሀል የሚያልፈውን የሻንሲ ጉብታ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍጉት፣ ቁጥሩን ይበላዋል። ዘጠኝ አሃዝ ወጣ፤ መነሻው 117። ከኦገስት 1964 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት ላይ 11 ማለት ባለ ድፍን ጣሪያ፣ 15 ማለት ክፍት ነው። ሦስተኛው አሃዝ ሞዴሉን ይነግራል፤ የኔዋ የ1967 ናት። ከ1970 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ አሥር አሃዝ ስለሆነ ከ1977 ጋር አትምታታም። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣችው ጣሪያ ይዛ ነው።

ታዲያ ማን ቆረጠው? ከሥሯ ስገባ በግራና በቀኝ የተበየደ የውሃ ቱቦ አየሁ። ፒያሳ አካባቢ ወዳሉ አንድ አንጋፋ ባትላሜራ ወሰድኳት።

«ጋሼ፣ ይህችን ያውቋታል?»

ብየዳውን በጣታቸው ዳሰሱት። «የኔ እጅ ናት እኮ ልጄ! ጣሪያዋን ስናነሳው መሀሏ ረገበ፣ በሩ አልገጥም አለ። ቱቦውን ያስገባነው ያኔ ነው።»

ከካርማን ይልቅ የደሴ ልጅ መሆኗ የበለጠ አኮራኝ። ሸራውን ከሰኞ ገበያ ገዝቻለሁ፤ ቅዳሜ ከሳቸው ጋር እንቀይረዋለን።