የካዴት ደንብ ልብስ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ልብሱ በልካችሁ መሆኑን፣ አዝራሩ መሟላቱን፣ ማዕረጉና የስም መለያው በተቋማችሁ መመሪያ መሠረት መሰፋቱን አይታችኋል ብዬ እነሳለሁ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነው። የካዴቶችን ልብስ ስተኩስና ስጠግን ኖሬአለሁ፤ ከቆሻሻም ከእርጅናም በላይ ልብስ ሲጨርስ ያየሁት ካውያ ነው። በተለይ በሰልፍ ዋዜማ ማታ፣ ጊዜ ያጠረው ትጉህ ካዴት ካውያውን እስከ ጥግ አዙሮ ሲጫነው።

ልብሱ ያብለጨልጫል

ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሱሪና ኮት ወደ ብርሃን ዘንበል ሲል ጉልበቱ፣ የኪሱ ጠርዝና ስፌቱ ጎላ ያለበት ቦታ ቅባት የነካው ይመስላል። በየጊዜው ተይዞልኝ የሚመጣው ችግር ይህ ነው።

መንስኤው ሁለት ነው፤ አይምታታባችሁ። አንደኛው የሱፍ ክር መተኛት ነው። ደረቅ ካውያ በቀጥታ ሲያርፍበት ወይም ወንበር ላይ ሲፈተግ የጨርቁ ፀጉር ይጋደማል። ይህ ይድናል። ሁለተኛው የፖሊስተር ክር መደፍጠጥ ነው። ፖሊስተር የሚቀልጠው ከ250 እስከ 260 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ቢሆንም ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይለሰልሳል። የለሰለሰውን ክር ካውያው ጠፍጥፎት ሲያልፍ በዚያው ቅርጹ ይደርቃል። ይህ አይድንም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቦታውን በእንፋሎት አርጥባችሁ በልብስ ብሩሽ ጥረጉት። ፀጉሩ ከተነሳ ሱፍ ነው፤ ብርቅርቅታው ካልተነቃነቀና ጨርቁ ለጣት ደረቅ ካለ ክሩ ሄዷል።

ለሚድነው፦ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሉ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ነክራችሁ በደንብ ጭመቁ፣ ቦታውን ነካ ነካ አድርጉት። አትሹት። መጀመሪያ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሱሪው የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ቀለም አለመልቀቁን ሞክሩ። ከዚያ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና ካውያውን ሳትጫኑ ከላይ አስጠግታችሁ እንፋሎቱን አስገቡ። ጨርቁን አንስታችሁ ልብሱ እርጥበት እንዳለው በብሩሽ መጀመሪያ ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ቀጥሎ በአቅጣጫው ጥረጉት። አንዴ ካልበቃ ይደገማል። በረኪና ባለበት ባልዲ ወይም በበረኪና በታጠበ ልብስ ላይ ግን አቼቶ አታድርጉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ድጋሚ እንዳይመጣ ልብሱ ውስጥ የተሰፋውን መለያ አንብቡ። የካውያው ምልክት አንድ ነጥብ ካለው እስከ 110 ገደማ፣ ሁለት ከሆነ እስከ 150 ገደማ፣ ሦስት ከሆነ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ድብልቅ ጨርቅ የሚተኮሰው ለሙቀት ደካማ በሆነው ክር ልክ ነው። አንድ ካዴት 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ የሚል ሸሚዝ ይዞ «ጥጥ አለበት እኮ» ብሎ ሦስት ነጥብ ላይ ተኮሰው። ጀርባው እንደ ላስቲክ ሆነና ካውያው ላይ ተጣብቆ ተነሳ። ሌላው የደረት ኪሱን ክዳን ከነአዝራሩ ከላይ ተጭኖት የአዝራሩ ክብ ኮቱ ላይ ታትሞ መጣ፤ ከሩቅ አዝራሩ ሁለት ይመስል ነበር። የኪስ ክዳን ሥር ሁልጊዜ የታጠፈ ጨርቅ ወይም ወፍራም ወረቀት አስገቡ። ሱሪውን ገልብጣችሁ በውስጡ ተኩሱት፤ በውጭ መተኮስ ግድ ከሆነ ያለ ሽፋን ጨርቅ ካውያው አይንካው።

ሌላ ደግሞ፣ ርካሽ ካውያ። ሙቀት መቆጣጠሪያው ስለሚዋሽ አንድ ነጥብ ላይ አድርጋችሁት ሦስት ነጥብ ያህል ሊግል ይችላል። እንዲህ ያለው ካውያ ሲያጠፋ ብዙ ጊዜ ስላየሁ፣ የማላውቀውን ካውያ በቁራጭ ጨርቅ ሳልሞክር ልብስ ላይ አላሳርፍም። እናንተም ከጎረቤት አልጋ ተውሳችሁ በቀጥታ ሱሪ ላይ አታሳርፉ። ጠረጴዛችሁ ላይ የብረት ወይም የእንጨት ጠርዝ ካለ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉበት፤ ከሥር ያለው ጉብታ ልብሱ ላይ ይወጣል።

ሱሪው ሁለት መስመር አወጣ

የቀድሞው መስመር ሳይጠፋ አዲስ ስለተተኮሰ ነው። አሮጌውን በእርጥብ ጨርቅና በእንፋሎት አጥፉት፣ እስኪጠፋም ጠብቁ። ከዚያ የውስጡንና የውጩን ስፌት ከታች ጀምራችሁ አገጣጥሙ፤ ስፌቱ ከተገጠመ መስመሩ ራሱ ይወጣል። ካውያውን እያነሳችሁ አሳርፉት እንጂ አትጎትቱት። ተኩሳችሁ ወዲያው አትስቀሉት፤ እዚያው ጠፍጣፋ ላይ ይቀዝቀዝ። ትኩስ ልብስ ለብሶ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱ ላይ አዲስ ሽብሽብ ይተኩሳል። መስመሩ እንዲጸና ደረቅ ሳሙና በውስጥ በኩል በመስመሩ ላይ በስሱ ማሸት ይረዳል። ሲበዛ ግን ዝናብ ሲነካው ነጭ ሆኖ ይወጣል።

የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ቢጫ ሆነ

ላብና የቆዳ ቅባት ነው። በረኪና አታፍሱበት፤ ፖሊስተር ያለበትን ሸሚዝ ይበልጥ ቢጫ ያደርገዋል። ከመታጠቡ በፊት ኮሌታውን በሳሙና አሽታችሁ ለብ ባለ ውሃ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ቆሻሻው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ አትተኩሱት፤ ሙቀት ያጸናዋል።

በአዝራር ዙሪያ ነጭ ወይም አረንጓዴ ክብ

የናስ ማወልወያ ጨርቁን ነክቶ ነው። ወፍራም ካርቶን በአንድ በኩል ሰንጥቃችሁ ከአዝራሩ ሥር አስገቡና በእሱ ላይ አወልውሉ። አዝራሩ እንዳይደበዝዝ ስስ መከላከያ ሽፋን የተቀባ ከሆነ ጭራሽ አታወልውሉት፤ ሽፋኑ ከተላጠ መልሶ አይመጣም።

የቦት ጫማው አንጸባራቂ ቀለም ይሰነጠቃል

ቀለሙ ወፍሮ ወይም ጫማው በሚታጠፍበት ቦታ ተቀብቶ ነው። መስታወት የሚመስለው አንጸባራቂ ቦታው አፍንጫውና ተረከዙ ብቻ ነው፤ መሃሉ በስሱ ተቀብቶ በብሩሽ ይጠረግ። ቆዳው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን እሳት ወይም ማሞቂያ አጠገብ ደርቋል ማለት ነው። ርጥብ ቦት ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ጥላ ውስጥ ይደርቃል። ጋዜጣው ሲርስ ይቀየር።

ዥንጉርጉሩ የመስክ ልብስ

ስታርች (ልብስ ማደንደኛ) አትጠቀሙ፣ ነጭ የሚያደምቅ ሳሙናም አትጨምሩ። የመስክ ልብስ በሌሊት መመልከቻ መሣሪያ ጎልቶ እንዳይታይ ታስቦ ሊቀለም ይችላል፤ እነዚህ ያን ያበላሹታል። ከማጠብ በፊት ቬልክሮውን (ተጣባቂ ማያያዣውን) ዝጉት፤ ክፍት ከሆነ የሌላውን ልብስ ክር ይስባል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ፦ መለዮ ኮፍያ ከጠበበ በሙቅ ውሃ ታጥቧል፤ የሱፍ መለዮ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። የወጣ ክር በመቀስ ይቆረጥ፤ አይጎተት፣ በክብሪትም አይቃጠል። ሱፍ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ከታየ ብል ነው፤ ላብ ያለበት ልብስ ሳይጸዳ መቀመጡ ይጋብዘዋል። ከማጠቢያ ቤት የመጣውን ላስቲክ ገፍፋችሁ ኮቱን በሰፊ ትከሻ መስቀያ፣ ኪሱን ባዶ አድርጋችሁ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ስቀሉት።