የጠመንጃ ቀለሃን ወደ ልኩ የሚመልሰው ዳይ እንዴት ይስተካከላል?

ጥይት ሲተኮስ ቀለሃው ያብጣል። ናሱ በጋዙ ግፊት ተለጥጦ ከቻምበሩ፣ ማለትም ጥይቱ ከሚጎርስበት የጠመንጃው ክፍል፣ ግድግዳ ጋር ይጣበቅና ጥቂት ተመልሶ ይኮማተራል። ያንን ቀለሃ እንደገና ለመሙላት አስቀድሞ ወደ ልኩ መመለስ አለበት፤ ይህን የሚሠራው በፕሬሱ (በእጀታ በሚሠራው መጭመቂያ) ላይ በፊሌቶ የሚታሰረው ዳይ የሚባል የብረት ቅርጽ ነው። ምን ያህል ይውረድ የሚለው ግን የእናንተ ውሳኔ ነው።

እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ እዚህ በፌዴራል ሕግ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት ለመሙላት ፈቃድ አያስፈልግም። ሌላ አገር ያላችሁ አስቀድማችሁ ሕጉን ጠይቁ።

ከዳይ ጋር የሚመጣው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «ሼል ሆልደሩን እስኪነካ አውርዱት፣ ከዚያ ጥቂት ጨምሩ» ይላል። ሼል ሆልደር የቀለሃውን መቀመጫ፣ ማለትም ታችኛውን ጫፍ፣ ይዞ ወደ ዳዩ የሚያወጣው የፕሬሱ ቁራጭ ነው። በ308 ዊንቸስተር ጠመንጃዬ እንደዚያው አደረግሁ። ጥይቱ ያለ ችግር ይጎርስ ነበር። ከአራተኛው ተኩስ በኋላ ግን አንዱ ቀለሃ ላይ፣ ከመቀመጫው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ቀጭን መስመር አየሁ። ጫፏን ያጎበጥኳትን ሽቦ አስገብቼ ውስጡን ስዳብስ ሽቦዋ እዚያው ቦታ ላይ ያዝ አደረገችኝ፤ ናሱ ከውስጥ ሳስቷል። እንዲህ ያለ ቀለሃ ሲተኮስ ለሁለት ሊበጠስና ጋዙ ወደ ተኳሹ ሊመለስ ይችላል። ምክንያቱ ዳዩ ትከሻውን፣ ማለትም ገላው ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ተዳፋት፣ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ መግፋቱ ነበር። ትከሻው በየተኩሱ ወደ ፊት ሲመለስ፣ የሚለጠጠው ከመቀመጫው አጠገብ ያለው ናስ ነው።

ስለዚህ ከወረቀቱ በፊት የራሳችሁን ቻምበር እወቁ። በራሳችሁ ጠመንጃ የተተኮሱ አምስት ያህል ቀለሃዎች ውሰዱ። አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ ቀለሃ ቻምበሩን በደንብ ላይሞላው ስለሚችል፣ ሁለት ሦስቴ የተተኮሰ ይሻላል። ያገለገለውን ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰውን ከመቀመጫው ላይ ያለውን ትንሽ ቆብ) አውጡ፤ ትንሽ ወጣ ብሎ ከቀረ ልኩን ያሳስታል። በካሊፐር ላይ በሚታሰር ኮምፓራተር፣ ማለትም ትከሻው ላይ በሚያርፍ የመለኪያ ቁራጭ፣ ከመቀመጫው እስከ ትከሻው ለኩና የረዘመውን ቁጥር ጻፉ። ለቦልት ጠመንጃ፣ ማለትም እጀታው በእጅ እየተሳበ ለሚጎርሰው፣ ከዚያ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብታሳጥሩ ይበቃል፣ የቀጭን ፀጉር ውፍረት ነው። ራሱ ለሚያጎርስ ጠመንጃ ከ0.08 እስከ 0.1 አድርጉት።

ቀለሃውን በጣት ጫፍ ስስ ቅባት ቀቡት። ያለ ቅባት ዳዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ትከሻው ላይ ከበዛ ደግሞ ቅባቱ መሄጃ አጥቶ ናሱን ያጎደጉደዋል።

አሁን ሼል ሆልደሩን እስከ ላይ አድርሱ፣ ዳዩን እስኪነካው አውርዱና ግማሽ ዙር መልሱት። አንድ ቀለሃ ጨምቁ፣ ጠርጉ፣ ለኩ።

ምናልባት አጥሮ ሳይሆን ረዝሞ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ። ዳዩ ገላውን ከጎን ሲጨምቀው ናሱ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ትከሻውንም ይገፋዋል፤ ዳዩ ራሱ ትከሻው ላይ ገና አልደረሰም። እዚህ ላይ ቸኩሎ ዳዩን ብዙ ማውረድ ነው ቀለሃ የሚያበላሸው።

የተለመደው የዳይ ፊሌቶ በአንድ ኢንች 14 ጥርስ አለው፤ አንድ ሙሉ ዙር 1.8 ሚሊ ሜትር ያወርዳል ማለት ነው። 0.05 ሚሊ ሜትር እንግዲህ 10 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የሰዓት ትልቁ ቆጣሪ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከሚሄደው እንኳ ያንሳል። ዳዩና ፕሬሱ ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። መጀመሪያ በስምንተኛ ዙር እያወረዳችሁ በየጊዜው ለኩ፤ ቁጥሩ መቀነስ ሲጀምር በማርከሩ መስመር ውፍረት ብቻ ሂዱ። ዳዩ ሼል ሆልደሩን ነክቶም ትከሻው ካልተመለሰ ትንሽ ጨምሩ፣ ፕሬሱ ራሱ በጭነት ስለሚለጠጥ።

ልኩ ሲገኝ፣ ቀለሃው ዳዩ ውስጥ እንዳለ ማሰሪያ ቀለበቱን አጥብቁ፤ ዳዩ መሐሉን ይዞ ይታሰራል። ማጥበቁ ልኩን ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ባልተነካ ቀለሃ ደግማችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ባዶውን ቀለሃ በጠመንጃው ሞክሩት። በክፍሉ ውስጥ አንድም የተሞላ ጥይት አይኑር። መርፌውንና ማስፈንጠሪያውን ከቦልቱ ብታወጡ ስሜቱ ይጠራል፤ እጀታው ያለ ግፊት መውረድ አለበት።

መጭመቅ አንገቱንም ያስረዝማል። የ308 ቀለሃ ሙሉ ርዝመት ከ51.18 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወደ 50.93 ቁረጡት። ቅባቱንም ፈጽሞ አጽዱ፤ ቅባት ያለው ቀለሃ የቻምበሩን ግድግዳ በደንብ ስለማይዝ ቦልቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይጨምራል።

ናስ በተተኮሰና በተጨመቀ ቁጥር ይደድራል፣ ከዳዩ ሲወጣም ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል። አምና 0.05 የሰጠ ዳይ ዘንድሮ በዚያው ቀለሃ 0.02 ሊሰጥ ይችላልና፣ እያንዳንዱን የመሙላት ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ቀለሃ ጨምቃችሁ ለኩ።