ድምፅን በኤንቨሎፕ ሲቀርጹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤንቨሎፕ ድምፅ ቁልፉ ከተነካበት ጀምሮ እስኪጠፋ በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥበት ቅርጽ ነው። በሲንተሳይዘርም (ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ በሚፈጥር መሣሪያ) ሆነ በሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅን በቁልፍ በሚያጫውት መሣሪያ) ላይ ይህን ቅርጽ የሚወስኑት፣ አታክ፣ ዲኬይ፣ ሰስቴይንና ሪሊዝ ተብለው ጎን ለጎን የተደረደሩት አራት ማዞሪያዎች መልካቸው ስለሚመሳሰል ሥራቸውም የሚመሳሰል ይመስላል። ዋናው ስህተት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። አታክ ድምፁ ከዜሮ ተነሥቶ ጫፍ እስኪደርስ፣ ዲኬይ ከጫፉ ወደ ሰስቴይን እስኪወርድ፣ ሪሊዝ ደግሞ ጣት ከቁልፉ ከተነሣ በኋላ ድምፁ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ ሲወስኑ፣ ሰስቴይን ግን የሚወስነው የድምፁን መጠን ነው፤ በዚያ መጠን ላይ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው ቁልፉን የያዘው ጣት ነው። ስለዚህ ሰስቴይን እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሳለ ዲኬይን ቢያዞሩት ምንም ለውጥ አይሰማም፤ ድምፁ የሚወርድበት ቦታ የለውምና። ማዞሪያው ተበላሽቷል ብሎ የሚደመድም ሰውም አይጠፋም። ተመትቶ ወዲያው የሚከስም ድምፅ ከተፈለገ ሰስቴይንን ወደ ዜሮ ማውረድና ዲኬይን ከ300 ሚሊሰከንድ አካባቢ ጀምሮ መሞከር ይሻላል።

ፈጣን ድምፅ ለማግኘት ሲባል አታክንና ሪሊዝን ዜሮ ላይ መተው ሌላው የተለመደ ስህተት ነው። ሞገዱ ከፍ ባለበት ቅጽበት በድንገት ሲከፈት ወይም ሲቆረጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ይፈጠራል፤ ይህም በተለይ በቤዝ ላይ ጎልቶ ይሰማል፤ ምክንያቱም የ50 ኸርዝ ሞገድ አንዱን ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊሰከንድ መጨመር ይበቃል፤ ለቤዝ እስከ 10 መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። በከበሮ ላይ ግን ያቺው ጠቅታ ጥራት የምትሰጥበት ጊዜ ስላለ ሁልጊዜ ማጥፋት አያሻም።

ሪሊዝን ሌሎቹን መሣሪያዎች ዘግቶ ለብቻው ማስተካከል ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ነው፤ ረጅም ጅራት ያለው ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ምንጊዜም ያምራልና። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ ውስጥ አንዲት አሥራ ስድስተኛ ኖታ 125 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለምትቆይ፣ ሪሊዙ 1 ሰከንድ ከሆነ የአንዷ ኖታ ጅራት በሚከተሏት ስምንት ኖታዎች ላይ ይጎተታል። በአንድ ጊዜ ስምንት ድምፅ ብቻ ማውጣት በሚችል መሣሪያ ላይ ባለአራት ኖታ ኮርዶች (በአንድነት የሚመቱ ኖታዎች) ሲጫወቱ ሦስተኛው ኮርድ ቦታ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ጅራት ቆርጦ ነው።

ከድምፁ ውስጥ ከፍተኛ ድግግሞሾችን የሚቀንሰውን የፊልተሩን ኤንቨሎፕ አስመልክቶ የሚሠራው ስህተት አጭር ነው፦ ከትኦፉ (ፊልተሩ መቀነስ የሚጀምርበት ድግግሞሽ) አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ኤንቨሎፑ የሚከፍተው ነገር ስለማይኖር በመጀመሪያ ከትኦፉን ዝቅ ማድረግ ይገባል። የድምፅ መጠኑ ሪሊዝ አጭር ሆኖ የፊልተሩን ሪሊዝ ማስረዘምም ፋይዳ የለውም፤ የሚሰማ ድምፅ አይቀርምና።

ቁጥርን ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላው መገልበጥም ያሳስታል። በ1983 በወጣው ያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘር ላይ የሚሞላው ጊዜ ሳይሆን ፍጥነት ስለሆነ 99 እጅግ ፈጣኑ ነው፤ ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ደግሞ ለሪሊዝ የተለየ ማዞሪያ ስለሌለው የዲኬይን ጊዜ ይጋራል።

በሳምፕለር ላይ የሚዘነጋው፣ የተቀዳው ድምፅ የራሱን ቅርጽ ይዞ የሚመጣ መሆኑ ነው። በፒያኖ ቅጂ ላይ 40 ሚሊሰከንድ አታክ ሲጨመር መዶሻው ክሩን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ይደበዝዛል፤ ቅጂው አንዴ ከተነካ እስከ መጨረሻው በሚጫወትበት በዋንሾት አሠራር ደግሞ ብዙ ሳምፕለሮች ጣት መነሣቱን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ኤንቨሎፕ ያለቀን ቅጂ ማስቀጠልም አይችልም፦ 2 ሰከንድ የሆነ ቅጂ ሉፕ ካልተደረገለት (እየተደጋገመ እንዲጫወት ካልተደረገ) ሰስቴይኑ የቱንም ያህል ከፍ ቢል በ2 ሰከንድ ያበቃል፤ ፍጥነቱ ከቃናው ጋር በሚለወጥበት አሠራር አንድ ኦክታቭ ከፍ ተደርጎ ሲጫወትማ በ1 ሰከንድ ያልቃል።