ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ፦ ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ ምናምን ያለን ሰዎች ኔት ሲያስቸግረን ቶሎ ምናስበው አንቴናው የበዛ ራውተር መግዛት ነው። እባካችሁ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለዩ፣ የትኛውም ራውተር መስመሩን አያፈጥንላችሁም።

ራውተሩ አጠገብ ቁጭ ብላችሁም ቀርፋፋ ነው?
ላፕቶፕ ተውሳችሁም ቢሆን በኬብል ከፋይበሩ ሳጥን (የፋይበሩ ቀጭን ገመድ ሚገባበት) ጋር ቀጥታ አገናኙና ስፒድ ለኩ። በኬብልም ያው ከሆነ ጣጣው የመስመሩ ወይ የፓኬጁ ነው። ሳጥኑ ላይ ኤልኦኤስ (LOS) የሚለው መብራት ቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ደሞ የፋይበሩ ብርሃን እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፣ ቀጭኑ ገመድ ከሶፋ ጀርባ ተጣጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ካልሆነ 994 ደውሉ።

ሳሎን ፈጣን፣ መኝታ ቤት ግን የለም?
ግድግዳው ነው። ዋይፋይ ሁለት ሞገድ አለው፣ 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ቢሆንም ብሎኬትና ኮንክሪት አይችልም፣ 2.4 ራቅ ይላል ግን ይዘገያል። መጀመሪያ ራውተሩን ከቲቪ ጀርባ አውጡና ቤቱ መሃል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ይሄ በነፃ ነው። ጂ ፕላስ ዋን ከሆነ ግን አንድ ውድ ራውተር ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ገዝቶ በኬብል ማገናኘት በጣም ይሻላል፣ ለምን ቢባል ራውተሩ የፈለገ ቢጮህ ስልካችሁም መልሶ መላክ አለበት፣ የስልክ አንቴና ደሞ ትንሽ ነው፣ ሲግናሉ ሙሉ እያሳየ ፔጁ ሚሽከረከረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ኮንዶሚኒየም ሆኖ ማታ ማታ ብቻ ይሞታል?
ፎቁ በሙሉ 2.4 ላይ ተጨናንቋል። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ የ2.4ን ቻናል (ሞገዱ የተከፈለበት መስመር) 1፣ 6 ወይ 11 ላይ አድርጉ፣ የቱ እንደሚቀል ሞክሩት፣ ስልኩንና ቲቪውን ወደ 5 አሻግሩ። ያላችሁ ራውተር 2.4 ብቻ ከሆነ መቀየሩ ያዋጣል፣ በኔ እይታ ለኮንዶ ብር ሚወጣበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፣ ባለ ሁለት ባንድ (2.4ም 5ም ያለው) ይበቃል።

አዲስ ገዝታችሁ ስፒዱ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም?
ካርቶኑ ኤሲ1200 (AC1200) ሲል የ2.4ን 300 ሜጋ እና የ5ን 867 ሜጋ ደምሮ አጠጋግቶ ነው፣ ያውም በወረቀት። ርካሾቹ ላይ የኬብሉ ፖርት 100 ሜጋ ብቻ ነው ሚያሳልፈው። ፓኬጃችሁ 20 ሜጋ ከሆነ ምንም አትጎዱም፣ ከ100 በላይ ምትከፍሉ ከሆነ ግን ፖርቱ ጊጋቢት (1000 ሜጋ) መሆኑን ሳታዩ አትግዙ።

መብራት ሲሄድ ኔቱም አብሮ ይሄዳል፣ ወይ ራውተሩ ራሱን ያጠፋል ያበራል?
ለሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ሚያቆይ ትንሽ ሳጥን) ብር መድቡ፣ ሰው ራውተሩን ብቻ ይሰካና የፋይበሩን ሳጥን ይረሳል፣ ሁለቱም መብራት ይፈልጋሉ። አዳፕተር ተቃጥሎ ከሆነ ምትተኩት ቮልቱ ልክ አንድ አይነት፣ አምፔሩ እኩል ወይ በላይ ይሁን።

ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር ሲም ራውተር ልትገዙ ነው?
መጀመሪያ ስልካችሁን በየመስኮቱ እየዞራችሁ የየትኛው ኔትወርክ ፎርጂ እንደሚሻል ለኩ። ራውተሩ ሎክ ያልሆነ (ለአንድ ኔትወርክ ሲም ብቻ ያልተቆለፈ) ይሁን፣ ቤት ወስዳችሁ ሞክራችሁ ካልሰራ እንደሚመልስላችሁ ከሻጩ ጋር ተስማሙ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።