ጥንታዊ የጣሊያን ከተሞችን ለሁለት፣ በመኪና፣ በዝግታ፦ የቶስካናና የኡምብሪያ ጉዞ አዘገጃጀት

በደቡብ አውሮፓ ጥንታዊ ከተሞችን በመኪና እየተዘዋወሩ ለማየት ለሚያስቡ፣ ለመሯሯጥ ግን ፍላጎት ለሌላቸው ጥንዶች አንድ አካባቢ ብቻ ምረጥ ብባል፣ መካከለኛውን ጣሊያን፣ ማለትም ቶስካናንና ኡምብሪያን እመርጣለሁ። በዚያ አካባቢ ከአንዱ ባለ ግንብ ከተማ እስከ ሌላው ያለው ርቀት በአብዛኛው ከ30 እስከ 70 ኪሎ ሜትር በመሆኑ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ቡና ጠጥቶ፣ ሳይቸኩሉ ለምሳ መድረስ ይቻላል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ግን እነዚህ ከተሞች የተሠሩት ለእግረኛና ለበቅሎ መሆኑ ነው። መኪና የሚያገለግለው በከተሞቹ መካከል ላለው ኮረብታ፣ የወይን እርሻና የገጠር መንገድ እንጂ ለከተሞቹ ለራሳቸው አይደለም፤ ጉዞውን የሚያቃናው ወይም የሚያበላሸው አብዛኛው ውሳኔም ከዚሁ ይመነጫል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ10 ሌሊት የሚሆን ዕቅድ ከአራት በላይ ማደሪያ ሊኖረው አይገባም። የምመክረው ከፒሳ አውሮፕላን ማረፊያ መኪና ተረክቦ፣ በቅርብ በምትገኘው ሉካ 2 ሌሊት፣ በሲየና ወይም በዙሪያዋ ባለ የገጠር ማረፊያ 3 ሌሊት፣ በፒየንሳ ወይም በሞንቴፑልቻኖ 3 ሌሊት፣ በመጨረሻም በኦርቪየቶ 2 ሌሊት ማሳለፍ ነው። ሳን ጂሚኛኖንና ቮልቴራን ከሲየና ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል። በየቀኑ ሻንጣ እየከፈቱና እየዘጉ ዘጠኝ ከተማ ከማዳረስ አራቱን ማታም ጠዋትም አይቶ መመለስ ይሻላል፤ በአውቶቡስ የሚመጣው ጎብኚ አመሻሽ ላይ ሲሄድ ከተማው የሚቀረው እዚያው ለሚያድር ነውና።

ፍሎረንስና ሮም በዕቅዱ ውስጥ ያልገቡት መታየት የማይገባቸው ሆነው ሳይሆን መኪና በእነሱ ውስጥ ሸክም ስለሚሆን ነው። መኪናውን ከመረከብ በፊት ወይም ከመለሱ በኋላ በባቡር ይጎብኟቸው። ፍሎረንስ ለእኛ ሌላም ትርጉም አላት፤ በ1441 በኢየሩሳሌም ከነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የተላኩ መነኮሳት በዚያ በተካሄደው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተገኝተዋል፣ ምስላቸውም በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ የነሐስ በር ላይ ተቀርጾ ይገኛል።

ለጉዞው የሚስማማው ወቅት ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ አለዚያም መስከረምና ጥቅምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀታቸው በድንጋይ መንገድ ላይ ለመራመድ ይከብዳል። በተለይ ነሐሴ 15 ቀን ጣሊያናውያን ፌራጎስቶ የሚሉት ታላቅ በዓል በመሆኑ በዚያ ሰሞን ብዙ ሱቆችና የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ሲየና ደግሞ ሐምሌ 2 እና ነሐሴ 16 ፓሊዮ የተባለውን የፈረስ ውድድር ታካሂዳለች፤ ውድድሩን ለማየት ብለው ካልሄዱ በስተቀር በእነዚያ ቀናት ከተማዋን መሸሽ ይሻላል፣ ማደሪያ የሚገኘው በብዙ ጭንቀትና በብዙ ገንዘብ ነውና።

ወደ ወረቀቱ ጉዳይ ስንመጣ፣ በአውሮፓ ኅብረት አገር የወጣ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሌላ ሰነድ አያስፈልገውም። ከኢትዮጵያ፣ ከአሜሪካ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ አሽከርካሪ ግን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ወይም ሕጋዊ የጣሊያንኛ ትርጉም መያዝ አለበት። አከራዩ ሳይጠይቅ ቁልፉን ቢሰጥዎ እንኳ መንገድ ላይ ፖሊስ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ አከራዮች ማስያዣውን የሚይዙት በአሽከርካሪው ስም በወጣ ክሬዲት ካርድ ላይ ስለሆነ፣ ሌላ ዓይነት ካርድ ብቻ ያለው ሰው ከመነሳቱ በፊት በጽሑፍ ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሁለታችሁም የምትነዱ ከሆነ ተጨማሪ ክፍያ ቢኖረውም የሁለታችሁም ስም በውሉ ላይ ይስፈር፤ ስሙ ያልተመዘገበ ሰው እየነዳ ጉዳት ቢደርስ ኢንሹራንሱ ላይሸፍን ይችላል።

መኪናው ትንሽ ይሁን። የፊያት ፓንዳ ያህል መኪና ለሁለት ሰውና ለሁለት መካከለኛ ሻንጣ በቂ ነው፣ በጠባብ የገጠር መንገድ ላይ ከፊት ትራክተር ሲመጣም ዋጋው ይታወቃል። አውቶማቲክ የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ ይዘዝ፤ ቁጥራቸው ከማኑዋሎቹ ያነሰ፣ ኪራያቸውም ከፍ ያለ ነው። እግረ መንገዴን አንድ የሚያስደስት ነገር ላንሳ፦ ጋራዥ መግባት ግድ ቢሆን አማርኛ ተናጋሪ ከሌላው እንግዳ ይልቅ ቋንቋው ይቀናዋል፣ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽና ፍሪሲዮን ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸውና። የሚያሳስተው ናፍጣ ነው። እኛ ቃሉን ከእነሱ ወስደን ያቆየነው ቢሆንም ዛሬ በማደያዎቻቸው ላይ የሚነበበው «ጋዞሊዮ» ወይም «ዲዝል» ነው፤ «ጋዞሊዮ»ን ቤንዚን ነው ብሎ ገምቶ ቤንዚን ለሚጠቀም መኪና መቅዳት ሞተሩንም ዕረፍቱንም ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በጣሊያን ጥንታዊ ከተሞች መሃል ባጭሩ ዜድ-ቲ-ኤል የሚባል ክልል አለ፤ ይህም ትራፊክ የተገደበበት፣ ነዋሪዎችና ፈቃድ ያላቸው ብቻ በመኪና የሚገቡበት ማለት ነው። መግቢያው ላይ በቀይ ክብ የታጠረ ነጭ ምልክት ይቆማል፣ ከላይ ደግሞ የሰሌዳ ቁጥር የሚያነብ ካሜራ አለ። መዝጊያ አጥር ወይም ጠባቂ ፖሊስ ብዙውን ጊዜ አይኖርም። በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ላይ «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ከተነበበ ክልከላው በሥራ ላይ ነው፤ አንዳንዱ «አቲቮ» የሚለውን ሲያይ መንገዱ ክፍት የሆነ እየመሰለው ይገባል፣ ትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው።

እኔና ባለቤቴ በመጀመሪያው ጉዟችን የስልኩን ካርታ አምነን በአንዲት ከተማ በር ገባን፣ ማደሪያችንን ስናጣ ወጥተን በሌላ በር ተመለስን። ማንም አላስቆመንም፣ እንዲያውም አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውለበለቡልን፤ ለሰላምታ መስሎን እኛም መለስን። ከወራት በኋላ አድራሻችንን ለፖሊስ ለሰጠበት አገልግሎት አከራዩ ከካርዳችን ላይ ቆረጠ፣ ቀጥሎም ሁለት የቅጣት ደብዳቤዎች ደረሱን፤ እያንዳንዱ አገባብ ለብቻው ተቆጥሮ ነበርና። ሽማግሌው ሊነግሩን የፈለጉት ምን እንደነበር የገባን ያን ጊዜ ነው።

ከዚህ የሚያድነው አሠራር ቀላል ነው። በካርታው ላይ መድረሻ አድርገው የሚያስገቡት የሆቴሉን ስም ሳይሆን ከግንቡ ውጭ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ስም ይሁን። ማደሪያው በክልሉ ውስጥ ከሆነ፣ ቦታ ከመያዝዎ በፊት ለእንግዳ መኪና ፈቃድ ያስመዘግቡ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚያስመዘግቡ ከሆነ መኪናውን እንደተረከቡ የሰሌዳውን ቁጥር ይላኩላቸው፣ መልሳቸውንም በጽሑፍ ያስቀሩ። በቃል «ችግር የለም» የሚል መልስ ለካሜራው አይነገረውም።

ከግንቡ ውጭ ማቆም የሚያጉላላ የሚመስለው በካርታ ላይ ብቻ ነው። ሲየና ከታች ካሉት ማቆሚያዎች ወደ ላይ የሚያወጡ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች አሏት። ኦርቪየቶ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ አምባ ላይ የተቀመጠች ብትሆንም ከባቡር ጣቢያው አጠገብ መኪናን ትቶ በገመድ ባቡር መውጣት ይቻላል። ፔሩጃን ለማየት የሚዞር ሰው ደግሞ ተንቀሳቃሽ ደረጃው በአሮጌው ምሽግ ሆድ ውስጥ፣ ተቀብረው በቀሩ የመካከለኛው ዘመን ቤቶች መካከል ያሳልፈዋል፣ ስለዚህ ማቆሚያው ራሱ ከጉብኝቱ ይቆጠራል። የመስመር ቀለሞቹን በተመለከተ ነጭ በነፃ፣ ሰማያዊ በክፍያ፣ ቢጫ ለተፈቀደላቸው ብቻ ነው። በነጭ መስመርም ቢሆን የሰዓት ገደብ የሚጥል ጽሑፍ ሊኖር ስለሚችል ምልክቱን ሳያነቡ አይሂዱ። ሻንጣ በመስኮት እንዲታይ አድርጎ መተው በየትኛውም ከተማ አይመከርም።

በፈጣኑ የክፍያ መንገድ ላይ አሠራሩ ከአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲገቡ ትኬት ወስደው ሲወጡ ይከፍላሉ። «ቴሌፓስ» ብቻ የሚል ቢጫ ጽሑፍ ወዳለበት መስመር አይግቡ፤ እሱ ሳይቆሙ የሚያስከፍለው የቴሌፓስ መሣሪያ ለተገጠመላቸው መኪናዎች ነው። የፍጥነት ወሰኑ በዚህ መንገድ 130፣ ዝናብ ሲኖር 110፣ በተራ የገጠር መንገድ 90፣ በከተማ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ በአንዳንድ የፈጣን መንገድ ክፍሎች ላይ ካሜራዎቹ የሚለኩት በሁለት ቦታ መካከል ያለውን አማካይ ፍጥነት ስለሆነ ካሜራው ጋ ሲደርሱ ብቻ ፍሬን መያዝ አይጠቅምም። ከከተማ ውጭ በቀንም መብራት ማብራት ግዴታ ነው። በገጠሩ መንገድ የአካባቢው አሽከርካሪ ከኋላ ተጠግቶ ይከተላል፤ ይህ ልማድ እንጂ ጠብ ስላልሆነ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ያሳልፉትና የራስዎን ዝግታ ይቀጥሉ።

የቦታዎቹ ቅደም ተከተል ለደስታው ትልቅ አስተዋጽኦ አለው። በሉካ መጀመር የምመርጠው 4 ኪሎ ሜትር ከሚበልጠውና ዛፍ ከተተከለበት ግንቧ በላይ ዙሪያዋን በእግር ወይም በሁለት ሰው ብስክሌት መዞር ስለሚቻልና የበረራ ድካም እዚያ ስለሚወጣ ነው። በሲየና ፓላሶ ፑብሊኮ በተባለው ጥንታዊ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ አምብሮጆ ሎሬንሴቲ በ1338 እና በ1339 የሣለውን የመልካምና የክፉ አስተዳደር የግድግዳ ሥዕል ሳይቸኩሉ ይዩት፤ ገበሬው ሲያርስና ሲያጭድ፣ ነጋዴው እንስሳውን ጭኖ በከተማው በር ሲያልፍ ይታያል። በማግስቱ ጠዋት ቪያ ካሲያ በተባለው መንገድ ወደ ደቡብ ወደ ኦርቻ ሸለቆ ሲነዱ፣ ትናንት በግድግዳ ላይ ያዩት ኮረብታና እርሻ በመስኮትዎ ያልፋል። ዩኔስኮ በ2004 ይህን ሸለቆ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አንዱ ምክንያት የሲየና ሠዓሊዎች ደጋግመው የሣሉት መልክዓ ምድር መሆኑ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን አስቀድመው፣ መንገዱን አስከትለው።

ፒየንሳ ትንሽ ናት፤ በአንድ ሰዓት ትታያለች የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አልስማማም። ኮርሲኛኖ ትባል የነበረችውን የትውልድ መንደራቸውን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ ሁለተኛ ከ1459 ጀምሮ በአርክቴክቱ በርናርዶ ሮሴሊኖ አስተካክለው አሠርተው በራሳቸው ስም ሰየሟት። የፍቅር ጎዳናና የመሳም ጎዳና የሚባሉ መንገዶችም አሏት፤ ከእነሱ ብዙም ሳይርቅ በከተማዋ ጠርዝ ላይ ያለው የእግር መንገድ ሸለቆውን ቁልቁል ያሳያል። ጀምበር ስትጠልቅ ከዚያ ሌላ ቦታ ለመሄድ አያቅዱ። ከኦርቪየቶ ደግሞ የቅዱስ ፓትሪክ ጉድጓድ እንዳያመልጣችሁ፤ በ1527 ሮም ስትዘረፍ ወደዚህ የሸሹት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት ሰባተኛ ከተማዋ ብትከበብ ውኃ እንዳታጣ ያስቆፈሩት ሲሆን፣ 248 ደረጃ ያላቸው ሁለት ጠመዝማዛ መንገዶች አሉት። አንዱ የመውረጃ፣ ሌላው የመውጫ በመሆኑ ውኃ የሚያመላልሱት በቅሎዎች ፊት ለፊት አይገናኙም ነበር። ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ አፉ ላይ ሆኖ ቢጠብቅ አያፍርም።

የምሳ ሰዓት በአብዛኛው ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል፣ እራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ በመካከሉ ወጥ ቤቶች ስለሚዘጉ የመንዳቱን ሰዓት ለዚያ ያድርጉት። ጾመኛ በቶስካና አይቸገርም፤ ከባቄላ ዘመዶች፣ ከጎመንና ከደረቀ ዳቦ የሚሠራው ሪቦሊታ እና ፒቺ አላሊዮኔ የተባለው የነጭ ሽንኩርትና የቲማቲም ፓስታ አሉ። ሆኖም አይብ ሊጨመርባቸው ስለሚችል «ሴንሳ ፎርማጆ» ብሎ መናገር፣ በመረቁ ውስጥም ሥጋ እንደሌለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዳቦው ጨው የለውም፤ ተረስቶ ሳይሆን የአገሩ ወግ ነው። በሒሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» ተብሎ የሚታየው የመቀመጫ ክፍያ ደግሞ ማጭበርበር አይደለም።

ወይንን በተመለከተ፣ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው የደም አልኮል መጠን በሊትር 0.5 ግራም ሲሆን፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ደግሞ ዜሮ ነው። ባልና ሚስት ተራ እየገቡ አንዱ እየጠጣ አንዱ እየተመለከተ ከሚጓዙ፣ ለቅምሻ የተመደበውን ቀን በሞንቴፑልቻኖ ማድረጉ ይሻላል፤ ጥንታዊዎቹ የወይን ጓዳዎች ከከተማዋ ሥር ስለሆኑ መኪናውን አቁሞ ከጓዳ ወደ ጓዳ በእግር መሄድ፣ ማታም በእግር ወደ መኝታ መመለስ ይቻላል።

መኪናውን በሮም አውሮፕላን ማረፊያ የሚመልሱ ከሆነ፣ በአንድ ቦታ ተረክቦ በሌላ ለመመለስ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ክፍያ በውሉ ላይ አስቀድመው ይዩ። ነዳጁን ሞልተው፣ አራቱንም ጎንና የኪሎ ሜትር ንባቡን ፎቶ አንሥተው ያስረክቡ። ውሉን፣ የማቆሚያ ደረሰኞችንና ከሆቴሎች ጋር የተለዋወጡትን መልእክት ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይጣሉ፤ በውጭ አገር ለሚኖር ሰው የትራፊክ ቅጣት በ360 ቀናት ውስጥ ሊደርሰው ይችላል። ደብዳቤው ትክክለኛ ሆኖ ከተገኘ በደረሰ በ5 ቀናት ውስጥ መክፈል ለአብዛኛው ጥፋት 30 በመቶ ቅናሽ ያስገኛል፤ ሆቴሉ ፈቃድ አስመዝግቤያለሁ ያለበት መልእክት ካለዎት ግን ከመክፈልዎ በፊት እሱን አያይዘው ይላኩ።