ስለ ነፋስ ኃይል ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ዳር ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች ከከተማዋ ብዙ ሠፈሮች ሆነው ይታያሉ። እዚህ ስለ መብራት የተነሣ ወሬ ሁሉ ውሎ አድሮ እነሱ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ይመስለኛል። በቅርቡ ደግሞ ወጣቶቻችን በአውሮፓና በአሜሪካ ባሕር ላይ ስለሚተከሉት ግዙፍ ማመንጫዎች እያነበቡ ከእኛዎቹ ጋር ያነጻጽሯቸዋል። ማንበባቸው ያስደስተኛል። የሚያሳስበኝ የሁላችንም ዓይን ማማው ላይ ተተክሎ መቅረቱ ነው። የኤሌክትሪክ ፖሊሲ የሚሠራው ወይም የሚበላሸው በማስተላለፊያ መስመሩ፣ በዋጋ ውሉ፣ ከጎረቤት አገር ጋር ባለው ትስስርና በባለማሳው ዘንድ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ እነሆ።

ሜጋ ዋትን እንደ ምርት መቁጠር

እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፤ በ2015 የተጠናቀቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102። የእያንዳንዱ ተርባይን አቅም 1.5 ሜጋ ዋት ሲሆን በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይዞ «204 ሜጋ ዋት እያመነጨን ነው» ይላል። ቁጥሩ ግን ነፋሱ በሚገባ ሲነፍስ የሚደረስበት ጣሪያ ነው። ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ ኖሮ በዓመት ወደ 1,787 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሰጡ ነበር፤ ሜጋ ዋት አቅምን ሲለካ ጊጋ ዋት ሰዓት በጊዜ ውስጥ የተመረተውን ይለካል። በየብስ ላይ ጥሩ የሚባል ማመንጫ የሚሰጠው የዚህን ሲሶ ገደማ ነው።

የነፋስ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ በውስጡ ያለው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ክንፎቹ ሲዞሩ ማየት ብቻውን ስለ ምርቱ ብዙ አይነግርም፤ እየዞሩም ከአቅማቸው አንድ አሥረኛውን የማይሰጡበት ሰዓት አለ። የባሕር ላይ ማመንጫ የሚፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባሕር ላይ ነፋሱን የሚያግድ ኮረብታም ሕንፃም ስለሌለ ይበረታል፣ ይዘልቃልም፤ በጥሩ ቦታ ምርቱ ከጣሪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ሁለት ማመንጫዎችን ማወዳደር የፈለገ ሰው በዓመት ስንት ጊጋ ዋት ሰዓት እንደሰጡ ይጠይቅ።

ነፋስንና ግድብን ማፋለም

«ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ካለው የአዳማ ተርባይኖች ለምን አስፈለጉ?» የሚለው ጥያቄ ግድቡ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ከተመረቀ ወዲህ በርትቷል። ለእኔ ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ኢትዮጵያ ያላትን ብዙ አገሮች የሚመኙትን ሀብት ይጋርድብናልና።

የአዳማ ሰው ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጎረቤታችን የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመረቅ አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። ከቆቃ የወጣው የአዋሽ ውኃ ዝቅ ብሎ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ባላቸው በአዋሽ ሁለትና በአዋሽ ሦስት ጣቢያዎች ዳግመኛ ተርባይን ያዞራል። ግድቡ በክረምት ይሞላል፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ውኃው እየተቆጠበ ይለቀቃል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው፤ የከተማችንን የበጋ አቧራ የቀመሰ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የሚደክመው በክረምቱ መገባደጃ ላይ፣ ልክ ግድቦቹ ሲሞሉ ነው። እንግዲህ ነፋሱ በሚነፍስበት ሰዓት ከግድቡ የሚለቀቀውን ውኃ መቀነስ፣ ሲቆም ደግሞ መጨመር ይቻላል። የውኃ ተርባይን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ባትሪ ሳይገዙ ነፋስን ማከማቸት ማለት ይኸው ነው።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. በተለይ የጊቤ ሦስት ውኃ በመቀነሱ አገሪቱ በሙሉ ወደ ፈረቃ መግባቷን አንረሳውም። እንደዚያ ባለ ወቅት ከነፋስ የተገኘ እያንዳንዱ ሜጋ ዋት ሰዓት ግድብ ውስጥ የሚቆይ ውኃ ነው። ሕዳሴ መጠናቀቁም የነፋሱን ዋጋ አይቀንሰውም፤ ጎን ለጎን የሚሠራበትን ማጠራቀሚያ ያሰፋለታል እንጂ።

ዴንማርክ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩን ከነፋስ ታገኛለች ሲባል የሚደነቁ አሉ። ከጀርባው ያለው ግን የኖርዌይ ግድብ ነው። ሁለቱን አገሮች የሚያገናኙት የባሕር ሥር ኬብሎች ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ተዘርግተው አራተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 ተጨምሯል። ነፋስ ሲተርፍ ዴንማርክ ትሸጣለች፣ ኖርዌይ ውኃዋን ታቆያለች፤ ነፋስ ሲጠፋ ተራው ይገለበጣል። እነርሱ ባሕር አቋርጠው በሁለት መንግሥታት ውል ያገኙትን ጥምረት እኛ በአንድ አገር ውስጥ ይዘነዋል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ያሉት የኒው ኢንግላንድ ግዛቶችም የባሕር ነፋስን የሚፈልጉበት አንዱ ምክንያት ወቅት ነው፤ በብርዱ ወራት የተፈጥሮ ጋዙ ለቤት ማሞቂያ ስለሚሄድ ለኤሌክትሪክ ይጠባል፣ የባሕሩ ነፋስ ግን የሚበረታው ያኔ ነው። የትም ቢሆን የሚጠየቀው «የቱ ይበልጣል?» ሳይሆን «የትኛው በየትኛው ወር ይደርሳል?» ነው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ኮረብታው ማንጋጠጥ

«ማመንጫው እዚሁ አፍንጫችን ሥር እያለ እንዴት አዳማ መብራት ይጠፋል?» ብሎ የሚቆጣውን ሰው ስሜቱን እረዳለሁ። ዳቦ ቤቱ ሊጡ የኮመጠጠበት፣ በያጁ ሥራው የተስተጓጎለበት ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሆኖም ከኮረብታው የሚወርደው ኃይል በቀጥታ ወደ ሠፈራችን አይመጣም። በከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ብሔራዊው ቋት ገብቶ ከጣና በለስ፣ ከጊቤና ከሕዳሴ ከመጣው ጋር ይቀላቀላል። ወደ እኛ የሚመጣው ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመካከለኛ መስመርና በሠፈር ትራንስፎርመር በኩል ነው።

ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ከወፍጮ ቤት አጠገብ ያለውን ትራንስፎርመር ያስተዋለ ሰው ብዙ ይማራል። ምጣዱ፣ ምድጃው፣ የብየዳ ማሽኑና ወፍጮው አንድ ላይ ሲጭኑት ፊውዙ ጧ ብሎ ይቃጠላል። ከመንገዱ ወዲህ ያሉት ቤቶች ሲጨልሙ ማዶ ያሉት እንደበራ ይቀራሉ፤ ኃይሉን ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ (ፌዝ የሚባለው) ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው መቋረጥ ከማመንጨት ጋር አይገናኝም። የማመንጨት እጥረት መልኩ ሌላ ነው፤ ሰፊ አካባቢ ይነካል፣ ሲብስም በፈረቃ መርሐ ግብር ይታወጃል።

ልዩነቱ የሚጠቅመን አቤቱታችንን ወደ ትክክለኛው በር እንድንወስድ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ማመንጨትና ማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈልና መሸጥ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ሦስቱንም «መብራት ኃይል» ብሎ በአንድ ስም መጥራት ለወሬ ይመቻል፤ የተጫነ ትራንስፎርመር ለማስቀየር ግን አይረዳም።

መስመሩን ለኋላ መተው

እዚህ ላይ ከጎረቤት የመጣ ትምህርት አለን። የኬንያው የቱርካና ሐይቅ የነፋስ ማመንጫ 365 ተርባይኖችና 310 ሜጋ ዋት አቅም አለው። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ተተክለው አለቁ። ከዚያ ተነሥቶ በናይሮቢ አቅራቢያ እስካለችው ሱስዋ የሚደርሰው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መስመር ግን የደረሰው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ነበር። በመካከሉ ማመንጫው ነፋስ እየነፈሰ ቆሞ ዋለ፤ የኬንያ መንግሥትም በውሉ መሠረት ላልተረከበው ኃይል ካሳ ለመክፈል ተገደደ። ሕዝቡ ያልበራለትን መብራት ከፈለ ማለት ነው።

ሀብታሞቹም ከዚህ አላመለጡም። የጀርመን ነፋስ ያለው በሰሜኑና በሰሜን ባሕር ላይ ሲሆን ታላላቅ ፋብሪካዎቿ በደቡብ ናቸው። ሁለቱን ያገናኛል የተባለው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መስመር እ.ኤ.አ. በ2022 ያልቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። በመንገዱ ያሉ ነዋሪዎች የብረት ምሰሶውን ስለተቃወሙ በመሬት ውስጥ እንዲቀበር ተወሰነ፤ አሁን የሚጠበቀው በ2028 ነው። እስከዚያው ድረስ መስመሩ ሲጨናነቅ የሰሜኑ ተርባይኖች እንዲቆሙ እየታዘዙ ባለቤቶቻቸው ይካሳሉ።

ስለ እኛ ካወራን፣ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ እዚያው ሱስዋ የሚገባው የኢትዮጵያና የኬንያ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል። የንግድ ሽያጭ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሲሆን የመጀመሪያው ውል 200 ሜጋ ዋት ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት የቀጠናው ፖሊሲ የሚሠራበት ሜዳ ነው። ሽቦው ተዘርግቷል፤ ተጨማሪ ገዢ፣ የማሳለፊያ ክፍያና ብልሽት ሲደርስ ማን ምን እንደሚያደርግ የሚወስን የጋራ ደንብ ግን ከሽቦው በላይ ጊዜ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ስብሰባውን «ወሬ ብቻ» ብለን የምናልፈው ከሆነ ከአዳማ ነፋስ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ የት እንደሚወሰን አልገባንም።

ርካሹን ዋጋ ሁልጊዜ እንደ ድል ማየት

ብሪታንያ ለነፋስ ማመንጫዎች የዋጋ ዋስትና የምትሰጠው በጨረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥት ለባሕር ላይ ነፋስ ያስቀመጠው የዋጋ ጣሪያ በ2012 ዋጋ ሲሰላ በሜጋ ዋት ሰዓት 44 ፓውንድ ነበር። የብረት ዋጋና የብድር ወለድ ንሮ ስለነበር ለባሕር ላይ ነፋስ አንድም ተጫራች አልቀረበም። በሚቀጥለው ዓመት ጣሪያው ወደ 73 ፓውንድ ከፍ ሲል ተጫራቾች ተመለሱ። አንድ ዓመት ሙሉ የባከነው በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነ ዋጋ ለማግኘት ሲባል ነው።

የእኛ ጉዳይ ተጨማሪ መልክ አለው። የአዳማ ማመንጫዎች በአብዛኛው የተሠሩት በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ብድሩ የሚመለሰው በውጭ ምንዛሪ፣ ታሪፉ የሚሰበሰበው በብር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በመቀነሱ የዚህ ዓይነት ዕዳ ክብደት ጨመረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተጀመረው በየሩብ ዓመቱ የሚሻሻል ታሪፍ ከዚህ ጋር ተለይቶ አይታይም። ጭማሪው ደሃውን እንዳይጎዳ ጠንክሮ መከራከር ተገቢ ነው፤ እኔም እከራከራለሁ። ታሪፉ ለዘላለም ባለበት ይቆይ ማለት ግን ትራንስፎርመሩ አይቀየር ማለት ነው።

«ባዶ ቦታ» ብሎ ማሰብ

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ባሕር ላይ ኬፕ ዊንድ የተባለ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2001 ታቀደ። ውኃው ባዶ ይመስላል። ግን የዓሣ አጥማጆች መተዳደሪያ፣ የባሕር ዳር ነዋሪዎች እይታና የዋምፓኖግ ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ሥፍራ ነበር። ክርክሩና የፍርድ ቤቱ ሙግት ዓመታት ፈጅቶ በ2017 ፕሮጀክቱ አንድ ተርባይን ሳይተክል ቀረ።

የአዳማ ኮረብቶችም ባዶ አልነበሩም፣ አይደሉምም። ወጣ ብሎ ያየ ሰው ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ እስከ ማማው ግርጌ ድረስ ሲያርስ ያገኛል፤ ጤፉ በተርባይኖቹ መካከል ይበቅላል፣ ከሰዓት በኋላ ከብቶቹ የማማውን ረጅም ጥላ ተከትለው ይተኛሉ። ነፋስ ኃይል ከመሬት የሚወስደው በአንጻሩ ጥቂት መሆኑን ይህ ያሳያል። ግን መሠረቱ፣ ወደ እያንዳንዱ ማማ የሚያደርሰው የጠጠር መንገድና ማከፋፈያ ጣቢያው የያዙት መሬት የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነበር። አንድ ጊዜ የሚከፈል ካሳ በሁለት ዓመት ያልቃል። በእኔ እምነት ከምርቱ ገቢ የተወሰነው በየዓመቱ ለእነዚያ ቀበሌዎች ትምህርት ቤት፣ ውኃና መብራት መዋል አለበት። ተርባይን እያዩ በኩራዝ የሚያመሹ ቤተሰቦች ካሉ ፕሮጀክቱ ከደጃቸው ላይ አልተጠናቀቀም።

የሰው ባሕር መመኘት

ይህኛው አጭር ነው። ባሕር ላይ የሚተከለው የበለጠ ያመነጫል፤ መሠረቱ፣ ልዩ መርከቡ፣ የባሕር ሥር ኬብሉና ጥገናው ግን ወጪውን ከየብሱ እጅግ ያስበልጡታል። አውሮፓውያን ወደ ባሕር የገቡበት አንዱ ምክንያት የየብስ ቦታቸው በመጥበቡ ነው። ባሕር ያላት ጅቡቲ እንኳ 60 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የጉቤት ማመንጫዋን የተከለችው በየብስ ላይ ነው። እኛ ከአዳማ ሌላ በመቀሌ አቅራቢያ አሸጎዳ፣ በሶማሌ ክልል አይሻ፣ እዚሁ ጎረቤታችን አርሲ ውስጥ ደግሞ አሰላ አሉን፤ ገና ያልተነካ ነፋሻማ መሬትም ሰፊ ነው።

ምረቃን የሥራው ፍጻሜ ማድረግ

ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ካሜራው ይሄዳል። የማርሽ ሳጥን ዘይት፣ የክንፍ ስንጥቅ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መቃጠል የሚጀምረው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በአሜሪካ ቪንያርድ ዊንድ የተባለው ፕሮጀክት ውስጥ 107 ሜትር የሚረዝም ክንፍ ተሰብሮ ስብርባሪው ናንታኬት ደሴት ዳርቻ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አዲስ ተርባይን እንዲህ ከሆነ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ምን ያህል ክትትል እንደሚሻ መገመት አያዳግትም። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን የቆመ ተርባይን ያየ ሰው መለዋወጫ እየጠበቀ ይሆን ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል፤ ውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቅርብ ያገኙትን ይህን የመሰለ የመማሪያ ቦታ ክፍሎቹን እስከመጠገንና እስከመሥራት ቢጠቀሙበት የምንዛሪውን ሸክም ያቀልሉታል።

ደግሞም ማመንጫ ያረጃል። በዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫ የዴንማርኩ ቪንደቢ እ.ኤ.አ. በ1991 በ11 ተርባይኖች ሥራ ጀምሮ በ2017 ተነቅሏል። የነፋስ ተርባይን የሚነደፈው በአብዛኛው ለ20 ዓመት ገደማ ነው፤ አዳማ አንድ ይህን ዕድሜ የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ2032 ይሆናል። ይታደስ፣ በጥቂት ትላልቅ ተርባይኖች ይተካ ወይስ ይነቀል የሚለው ጥናት፣ ከዚያም ብድሩና ጨረታው ዓመታት ይፈጃሉ። ስለዚህ ለምክር ቤት ተመራጮቻችን ጥያቄውን ማቅረብ ያለብን በዚህ ዓመት ነው።