ከጋዜጣ ካርቱን ወደ ኮሜዲ ፊልም፦ ሳቁ መንገድ ላይ ሲቀር (ችግርና መፍትሄ)

ልጅ ሳለሁ አባቴ ጋዜጣ ሲገልጥ ከትከሻው ላይ ተንጠልጥዬ መጀመሪያ የምፈልገው ካርቱኑን ነበር። በአራት ሳጥን የሚያልቅ ታሪክ ነው፤ አንድ ስስታም ባለ ሱቅ፣ አንድ የሰፈር ልጅ፣ በየሳምንቱ አዲስ ጥል። ካደግሁ በኋላ እዚሁ ደሴ ከወዳጆቼ ጋር ሆነን ያንን ካርቱን ወደ ፊልም ለመቀየር ተነሳን። የመጀመሪያው ቀረጻችን ጥሩ ካሜራና ጥሩ ተዋንያን ነበሩት፣ ግን አላሳቀም። የት እንደተሳሳትን ለማወቅ ብዙ ወራት ፈጀብን። በኮምቦልቻም በደሴም ተመሳሳይ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች እየበዙ ስለሆነ ያገኘነውን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ችግር አንድ፦ ወረቀት ላይ ያሳቀው ቀልድ ተቀርጾ ሲታይ አያስቅም

ምልክቱ ግልጽ ነው። ሥዕሉን ሳጥን በሳጥን ተከትላችሁ ቀርጻችኋል፤ አንድም ነገር አልቀነሳችሁም። ተመልካቹ ግን ዝም ብሎ ያያል።

ምክንያቱን ለመረዳት አንዱን ካርቱን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ሳጥን ባለ ሱቁ ሲኒውን ይዞ ሊቀመጥ ጎንበስ ብሏል፤ በርጩማውን ልጁ ስቦታል። በአራተኛው ሳጥን ሰውየው መሬት ላይ ነው፤ ሲኒው በእጁ አለ፣ ቡናው ጠብ አላለም። አወዳደቁን ሠዓሊው አልሳለውም። ሰውየው የሚወድቀው በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባለችው ነጭ ክፍተት ውስጥ ነው፤ የሚጥለውም አንባቢው ራሱ ነው፣ በራሱ ፍጥነት። ካሜራ ግን በሴኮንድ 24 ምስል እየያዘ ሁሉንም ይዘረግፋል። አንባቢው በጭንቅላቱ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ይቀማዋል፤ ሳቁም አብሮ ይሄዳል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ሥዕሎች የሚተርከውን ሸራ ብዙዎቻችን አይተናል። ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበት እራት ትበላለች፤ ጥቂት ቆይቶ ውሃ ስታነሳ ንጉሡ እጇን ይዟታል። በመካከል ያለውን ጥም፣ የሌሊቱን ጨለማ፣ የእግሯን ኮቴ የሚሞላው ተመልካቹ ነው። የካርቱን ሠዓሊም የሚሠራው በዚሁ ጥበብ ነው።

መፍትሄው ክፍተቱን በቅንብር (በኤዲቲንግ) መመለስ ነው። እኛ መጀመሪያ አወዳደቁን ከራስ እስከ እግር አሳየነው። ተዋናዩ እንደ ባለሙያ ወደቀ፤ ለጎረቤቶች ስናሳይ ግን አንዲት እናት «እኔን!» ብለው ደረታቸውን ያዙ እንጂ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ እንደገና ቆራረጥነው። ባለ ሱቁ ጎንበስ ሲል ምስሉ ይቋረጣል። የልጁ ፊት ይመጣል፤ ትንፋሹን ውጧል። የመውደቅ ድምፅ ከማይታይ ቦታ ይሰማል። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ሲኒውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ይታያል። ይህም መጀመሪያ ላይ ፈገግታ እንጂ ሳቅ አላመጣም። ዝምታውን በ12 ምስል፣ ማለትም በግማሽ ሴኮንድ፣ ስናረዝመው ግን ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀልድ በሦስት ዓይነት ርዝመት አዘጋጁና ለሰው አሳዩ። ትክክለኛውን ርዝመት አስቀድሞ በስሌት የሚያገኘው ሰው አላጋጠመኝም።

ለዚህ ደግሞ በቀረጻው ቀን ማሰብ ያስፈልጋል። የልጁን ፊት ለብቻው፣ የሲኒውን እጅ ለብቻው፣ ባዶውን በርጩማ ለብቻው ካልቀረጻችሁ በቅንብር ጊዜ የምትቆርጡበት ነገር አይኖራችሁም።

ችግር ሁለት፦ ተመልካቹ ከመሳቅ ይልቅ ያዝናል ወይም ይቆጣል

ለእኔ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። በቀለም የተሳለ ሰው ክብደት የለውም፤ ከሰገነት ቢወድቅ በሚቀጥለው ሳምንት ጤነኛ ሆኖ ይመጣል። ሥጋ ለባሽ ተዋናይ ግን አጥንት አለው፣ ዕድሜ አለው፣ የሚያውቁት ሰዎች አሉ። ካሜራው ፊት ሲወድቅ የተመልካቹ ሆድ አብሮት ይወድቃል።

በእኛ አገር ሌላም ነገር ይጨመርበታል። ሕፃን ሽማግሌ ላይ ሲቀልድ በሥዕል ያሳቀን ነገር በሕይወት ሲታይ ነውር ይሆናል። የእኛ ትንሹ ተዋናይ ራሱ ቀረጻው ባቆመ ቁጥር ባለ ሱቁን ወደሚጫወቱት አንጋፋ ተዋናይ እየሄደ «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይል ነበር። እሳቸውም ራሱን እየዳበሱ «አብሽር ልጄ፣ ሥራችን ነው» ይሉታል። ያ ልጅ የተሰማው ስሜት የተመልካቹም ስሜት ነበር፤ ቶሎ አለማስተዋላችን ግን ጎድቶናል።

የሠራልን መፍትሄ አንድ ነው፤ ሰውየውን የሚጥለው ልጁ ሳይሆን የገዛ ስስቱ እንዲሆን አደረግን። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ባለ ሱቁ ስኳር ሲመዝን ሚዛኑን በጣቱ ሲጫን እናያለን። የምትገዛው ሴትዮ አላየችም፤ ልጁ አይቷል። እኛም አይተናል። በኋላ በርጩማው ሲሳብ ባለ ሱቁ ዞር ብሎ ሊያየው ይችል ነበር፤ ዓይኑ ግን መሬት ላይ ከወደቀች አንዲት ሳንቲም ላይ ተተክሏል። አሁን ቀልዱ ዕድሜውን አይነካም፣ ሚዛኑን ይነካል። ያቺ የመጀመሪያዋ ትዕይንት ካርቱኑ ውስጥ የለችም፤ የጨመርናት እኛ ነን፤ ያለ እርሷ ግን ፊልሙ አይቆምም ነበር።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ሃንክ ኬቻም እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመረው የዴኒስ ካርቱን በ1993 ፊልም ሲሆን ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞታል ብዬ አምናለሁ። ተንኮለኛው ልጅና ሽማግሌው ጎረቤቱ አሉ፤ ፊልሙ ግን ወደ ከተማዋ የሚመጣ አንድ ሌባ አስገባ። ጠንካራ ጠንካራው ምት የሚያርፈው በሌባው ላይ ነው። ለሌባ ማንም አያዝንም፤ ሽማግሌውም በመጨረሻ ከልጁ ጋር ለመታረቅ ቦታ አገኙ።

ተዋናዩ በእውነት እንዳይጎዳ ፍራሽ፣ የጉልበት መከላከያና ተደጋጋሚ ልምምድ የግድ ነው። ሕፃናት ባሉበት ቀረጻ ወላጅ ከቦታው አይለይ።

ችግር ሦስት፦ ታሪኩ በ20 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ ቀሪው ድግግሞሽ ይሆናል

ቁጥሩን እንመልከት። አራት ሳጥን ያለው አንድ ካርቱን በትወና ቢበዛ 20 ሴኮንድ ይወስዳል። የ90 ደቂቃ ፊልም በዚህ ብቻ ይሞላ ቢባል 270 ካርቱን ያስፈልጋል። 270 ቀልድ በተከታታይ መስማት ደግሞ ያደክማል እንጂ አያስቅም። ካርቱን በሳምንት አንዴ የሚቀመስ ነገር ነው፤ በመካከል ያለው ሳምንት የቀልዱ አካል ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምርጥ ምርጡን ሰብስቦ ይደረድራል። እኛም 60 ያህል መርጠን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር። የተሻለው መንገድ ሌላ ነው። ካርቱኖቹን በርዕሰ ጉዳይ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩ በሚፈልገው ነገር መድቧቸው። የእኛ ባለ ሱቅ በአርባው ውስጥ የሚፈልገው ገንዘብ ነበር፤ በቀሩት ውስጥ ግን፣ ልብ ብለን ስናይ፣ ሰው ቡና እንዲያጣጣው ነበር የሚፈልገው። ብቸኛ ሰው ነው። ሠዓሊው ይህን በቃል አልጻፈውም፤ በየሳምንቱ ለብቻው ሲኒ ይዞ የተቀመጠ ሰው ስሎ ነው ያለፈው። ያን ስናገኝ የፊልሙን ታሪክ አገኘን፤ ከ60ዎቹ ውስጥ 14 ብቻ ቀሩ።

አንዱን ቀልድ ግን ደጋግሙት። ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ቺክ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1930 ከጀመረው፣ ስለ አንድ ባልና ሚስት ከሚተርከው የብሎንዲ ካርቱን በ1938 እና በ1950 መካከል 28 ፊልሞች ተሠርተዋል። በእነዚያ ፊልሞች ባልየው ወደ ሥራ ሲሮጥ ከፖስታ አመላላሹ ጋር መላተሙ የሚጠበቅ ነገር ነበር። ተመልካቹ መላተሙን ያውቃል፤ የሚጠብቀው ዛሬ በምን መንገድ እንደሚመጣ ነው። በእኛ ፊልም ያ ሚና የሚዛኑ ነው።

ችግር አራት፦ ተዋናዩ ሥዕሉን መስሏል፣ ሰው ግን አይመስልም

ትልቅ አፍንጫ፣ የተለጠፈ ጢም፣ የተነፋ ሆድ። በፎቶግራፍ ያምራል፤ ሲናገር ግን ፊቱ አይንቀሳቀስም። ካርቱን ፊቱን የሚያጋንነው መንቀሳቀስ ስለማይችል ነው፤ የተዋናይ ፊት ግን ስለሚንቀሳቀስ ያን ሁሉ ጭነት አይፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና ከጋዜጣ ካርቱን የተወሰደው የመርማሪው የዲክ ትሬሲ ፊልም በሜካፕ ኦስካር አግኝቷል። ነገር ግን የተለጠፈው ፊት የበዛው በወንበዴዎቹ ላይ ነው፤ ብዙ ሰዓት አብረነው የምንቆየው መርማሪ በገዛ ፊቱ ነው የሚጫወተው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የካርቱኑ መርከበኛ የፖፓይ ፊልም ደግሞ ሮቢን ዊልያምስ የተነፉትን ክንዶች በሰው ሠራሽ ለብሷል፤ የፍቅረኛውን ቦታ የያዘችው ሼሊ ዱቫል ግን ቁመናዋ ራሱ ሥዕሉ ነበር። እኔን የሚያሳምነኝ የእርሷ መንገድ ነው።

ተዋናይ ስትመርጡ አንሶላ ወጥሩና ከኋላው መብራት አብሩ። ተወዳዳሪዎቹ አንድ በአንድ በአንሶላውና በመብራቱ መካከል ይለፉ። ካርቱኑን የሚያውቅ ሰው ጥላውን ብቻ አይቶ «እሱ ነው» ካለ ፊቱ ላይ ምንም መለጠፍ አያስፈልግም። እኛ ባለ ሱቁን ያገኘነው በትከሻ አጣጣፍ ነው፤ አፍንጫቸው ከሥዕሉ አፍንጫ ጋር አይገናኝም፣ ያንን ያነሳ ተመልካችም የለም።

ችግር አምስት፦ መንገዱ ከቀልዱ በላይ ይናገራል

ሠዓሊ የማይፈልገውን አይስልም። ከባለ ሱቁ ኋላ አንድ መስመር አለች፣ በቃ። ደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ካሜራ ስትተክሉ ግን ባጃጅ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ሁሉም አብሮ ይገባል። ዓይን የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል።

ገንዘብ ያለው መንደር ይሠራል፤ ለፖፓይ ማልታ ላይ የተሠራው መንደር ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። የዲክ ትሬሲ ሰዎች ቀለሞቻቸውን ሰባት ገደማ ላይ ወስነው የጋዜጣውን ቀለም መልሰዋል። ይህኛው ለእኛም ይሆናል። የሱቁን በር ቢጫ፣ የልጁን ሹራብ ቀይ አድርገን ሌላውን ሁሉ አደበዘዝን።

ደሴ ደግሞ ማንም የማይከፍልበት ጉም አላት። ከጦሳ ተራራ በኩል ሲወርድ ከኋላ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ነጭ ወረቀት ያደርገዋል፤ ሰውየውና በርጩማው ብቻ ይቀራሉ። እንዲህ ያለ የካርቱን ዳራ በመብራት ለመሥራት ብዙ ይጠይቃል። ችግሩ ጉሙ አለመቆየቱ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ምስል ቀድማችሁ አንሱ፤ ጉሙ ሲገለጥ የፊት ምስሎችን በግድግዳ ጥግ ቀጥሉ። አንድ ትዕይንት ግማሹን ደሴ፣ ግማሹን ኮምቦልቻ ለመቅረጽ ግን አትሞክሩ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ግን ከ600 ሜትር ያላነሰ ዝቅ ብላችኋል፤ ብርሃኑ ይለያል፣ የተዋናዩ ላብም ይለያል። ፀሐይ የሚፈልጉ ትዕይንቶችን ሙሉ በሙሉ ኮምቦልቻ ውሰዷቸው።

ችግር ስድስት፦ ንግግሩ የተነበበ ይመስላል

ካርቱኑ ላይ የገጸ ባሕርዩ ንግግር በሚጻፍበት ፊኛ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ለዓይን የተጻፈ ነው። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ አንድ ትንፋሽ የማይበቃው ከሆነ ቁረጡት። ሥዕሉ የሚናገረውን ቃሉ ከደገመው ቃሉን አውጡት። ተዋናዩ በወሎ አነጋገር እንዲለው ፍቀዱለት፤ የእኛ አንጋፋ አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ትተው «ኧረ ተው ልጄዋ» ብቻ ሲሉ ትዕይንቱ ሕይወት ዘራ።

ችግር ሰባት፦ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ባለ መብት ይመጣል

ይህ አጭር ነው፣ ግን ቀድማችሁ ጨርሱት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመቀየር መብት የደራሲው ነው፤ ጥበቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሠዓሊው ካረፉ ወራሾቻቸውን ጠይቁ። መብቱ የጋዜጣው ይሁን የሠዓሊው አጣሩ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። እኛ የሠዓሊውን ልጅ ስናነጋግር ፈቃድ ብቻ አይደለም ያገኘነው፤ ባለ ሱቁ በእውነት የነበረ ጎረቤታቸው መሆኑንም ነገሩን።

ስትጨርሱ

ፊልሙን ካርቱኑን ለማያውቁ ሰዎች አሳዩ፤ የሚያውቁት በትዝታ ይስቁላችኋል። ስክሪኑን ትታችሁ የተመልካቹን ፊት ተመልከቱ፤ ሳቅ ያለበትን ደቂቃ ጻፉ፣ ሳቅ ጠብቃችሁ የቀረበትንም ጻፉ። ከዚያ ድምፁን አጥፍታችሁ እንደገና አሳዩ። ድምፅ ሳይኖር የሚያስቁት ቦታዎች ከካርቱኑ በትክክል የተሻገሩት ናቸው፤ እነሱን አትንኩ። የቀሩትን ይዛችሁ ወደ ቅንብር ክፍሉ ተመለሱና ከችግር አንድ ጀምሩ።